ጀልባው ከመነሳቱ በፊት፦ የሐይቅ ላይ ጥበቃ ለደጋ ተጓዥ

ከደብረ ብርሃን የተነሳነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የማኅበራችን አውቶቡስ ጠባሴን ለቆ ሲወጣ ሁላችንም በጋቢ ተጠቅልለን መዝሙር እየዘመርን ነበር። በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ዳር ስንደርስ ግን ረፍዷል። የዘገዩት እስኪሰበሰቡ፣ ሰው እስኪቆጠር፣ በጀልባው ዋጋ እስክንከራከር ድረስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ደሴቲቱ ላይ ንግሥ ነው፤ ታቦቱ ሳይገባ ለመድረስ ቸኩለናል። ጀልባ ነጂውም «ግቡ፣ ግቡ፣ ነፋሱ ሳይነሳ» እያለ ያጣድፈናል።

34 ሰዎች ነበርን። መሳፈሪያው ጣውላ ላይ የቆመ አንድ ወጣት ፖሊስ ነጂውን «የመንሳፈፊያ ጃኬት ስንት አለህ?» ሲል ጠየቀው። ነጂው ከመቀመጫው ሥር አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ጎትቶ አወጣ። ተቆጠረ፤ 19 ጃኬት። ፖሊሱ «እንግዲያው 15 ሰው ይውረድልኝ» አለ። የማኅበራችን ሙሴ ለመነው፤ ቆየት ብሎም ተቆጣው። «ከሰሜን ሸዋ ድረስ ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን የመጣን ምዕመናን ነን» አለው። ፖሊሱ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ይቅርታ አባቴ፣ 15 ሰው ይውረድ» ብሎ ደገመ።

ከወረዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከፖሊሱ ፊት ቆሜ ክፉ ቃል ተናግሬዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ጀልባው 19ኙን አድርሶ ሲመለስ ነፋሱ ተነስቶ ነበር። ወለሉ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ ተኝቷል፤ ረዳቱ በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዳ ይደፋል። ፖሊሱ ነፋሱ እስኪበርድ ሁለተኛ ጉዞ የለም አለ። ነፋሱ ሳይበርድ መሸ። ከእኛ ጋር የቀሩ አንዲት እናት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ደሴቲቱን እያዩ አለቀሱ። እኔ ግን ዓይኔ ከዚያ ወለል ላይ ከተኛው ውኃ አልተነቀለም። በ19 ሰው ይህን ያህል የገባ፣ በ34 ሰው ስንት ይገባ ነበር?

ያን ጥያቄ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን አንብቤያለሁ፣ ጀልባ የሚነዱትንም የሚጠብቁትንም ጠይቄያለሁ። የማኅበር ጉዞ የምታዘጋጁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሐይቅ ዳር የምትዝናኑ የደጋ ሰዎች እንድታውቁት የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ሐይቅ ላይ የተሰማራ ጠባቂ ነፍስ የሚያድነው አብዛኛውን ጊዜ ውኃው መካከል ሳይሆን መሳፈሪያው ላይ፣ ጀልባው ገና ሳይነሳ ነው። እናስ ለምን?

ሰዓቱ ለአዳኝ አይበቃም

ዋና የማያውቅ ሰው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ በምናባችን የምናየው የሚጮኽ፣ እጁን የሚያውለበልብ ሰው ነው። እውነቱ ሌላ ነው። የሚሰምጥ ሰው አፉ ከውኃው በላይ የሚወጣው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ያቺን ቅጽበት ለመተንፈስ ያውላታል እንጂ ለመጮኽ አይተርፈውም። እጆቹም ሳያዝዛቸው ወደ ጎን ተዘርግተው ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ አንስቶ ሊያውለበልባቸው አይችልም። ከዳር ለሚያየው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ምናልባትም የሚጫወት ይመስላል። ይህ ትግል የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ይሰምጣል። አንጎል ደግሞ ኦክስጅን ካጣ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ይጀምረዋል።

አሁን ርቀቱን አስቡት። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ነው። አንድ የጥበቃ ጀልባ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢከንፍና አደጋው የደረሰው 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሆን፣ ጥሪው በደረሰው ቅጽበት ቢነሳ እንኳ 24 ደቂቃ ይወስድበታል። ነጂው ጀግና ቢሆን፣ ሞተሩ አዲስ ቢሆን፣ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። ስለዚህ በዚያ ርቀት ሰውን በሕይወት ሊያቆይ የሚችለው ቀድሞ የለበሰው ጃኬት ብቻ ነው። ጃኬቱን ያስለበሰው ደግሞ መሳፈሪያው ላይ ቆሞ የቆጠረው ሰው ነው።

ለመሬት ቅርብ መሆንም አያድንም። መስከረም 20 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በቪክቶሪያ ሐይቅ የታንዛኒያ ክፍል ኤምቪ ኒየሬሬ የተባለች የመንገደኞች ጀልባ ኡካራ ደሴት ልትደርስ ስትል ተገለበጠች። የተፈቀደላት 101 መንገደኛ ነበር፤ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዳር ላይ ቆመው የሚቀበሏቸው ዘመዶቻቸው እያዩ ማለት ነው። በዚያው ሐይቅ በግንቦት 1996 እ.ኤ.አ. የሰመጠችው ኤምቪ ቡኮባም ከመጠን በላይ ጭና ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች በመስመጥ እንደሞቱ ገምቷል፤ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ሞት የሚደርሰው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ውኃን አናውቅም ማለቴ አይደለም። ጎርፍን እናውቃለን። ክረምት ላይ ጀማ ወይም ወንጭት ሲሞላ መንገደኛ ዳር ላይ ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ከወንዝ ጋር የሚከራከር የለም፣ «ሌሊቱን ስንጓዝ አድረናል» የሚልም የለም። ሐይቅ ግን አያጓራም፣ ድንጋይ አያንከባልልም። ጠዋት ላይ እንደ መስታወት ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ከሁሉ ይልቅ ለሐይቅ ይስማማል።

አንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ሰው ነው?

ፖሊሱ ቁጥር ላይ የሙጥኝ ያለበትን ምክንያት ለመረዳት ጀልባ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ማየት ያስፈልጋል። ጀልባ የራሱንና የጭነቱን ክብደት ያህል ውኃ ገፍቶ ይንሳፈፋል። ውኃው ላይ ያረፈው ስፋቱ 10 ስኩዌር ሜትር የሆነ ጀልባ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሲሰምጥ 100 ሊትር ውኃ ይገፋል፤ 100 ሊትር ደግሞ 100 ኪሎ ነው። እንግዲህ ትርፍ የተጫኑ 10 ሰዎች ከነስንቃቸው 700 ኪሎ ቢመዝኑ ጀልባው ሰባት ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከውኃው በላይ የቀረው የጀልባው ጎን 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከነበረ ወደ 18 ወረደ፤ እያንዳንዱ ሞገድ ወደ ውስጥ ለመግባት ሰባት ሴንቲ ሜትር ያነሰ መውጣት ይበቃዋል።

ውኃ አንዴ ከገባ ሌላ ችግር ይጀምራል። በትልቅ ሳፋ ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልታችሁ ለመሸከም ሞክራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሳፋው ትንሽ ካዘመመ ውኃው ሁሉ ወደዚያው ጎን ይሮጣል፣ የበለጠ ያዘምመዋል፣ እጃችሁም መመለስ ያቅተዋል። ክዳኑ የተዘጋ ሙሉ ጀሪካን ከዚያ ቢከብድም እንዲህ አያስቸግርም፤ ውኃው የሚሮጥበት ቦታ የለማ። ወለሉ ላይ ውኃ የተኛበት ጀልባ ልክ እንደዚያ ሳፋ ነው። ያን ዕለት ረዳቱ በጀሪካን ሲደፋው ያየሁት ውኃ ጫማ ከማርጠብ ያለፈ ጉዳት ያለው አልመሰለኝም ነበር። ጀልባውን የሚገለብጠው ግን እሱ ነው።

ሦስተኛው የሰው እንቅስቃሴ ነው። የተቀመጠ ሰው ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው፤ የቆመ ሰው ክብደቱን ወደ ላይ ያወጣዋል። አንዱ «ጉማሬ!» ብሎ ሲጮኽ ሁሉም ተነስቶ ወደ አንድ ጎን ቢያጋድል፣ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ከፍም ይላል፣ ወደ ጎንም ይሄዳል። ጣናም ዝዋይም ጉማሬ አላቸው፤ ስለዚህ ይህ የምናብ ምሳሌ አይደለም። ደሴቱ ሲቃረብ ለመውረድ ተሽቀዳድሞ መነሳትም ያው ነው።

በአሜሪካ ርዝመታቸው ከስድስት ሜትር ለሚያንስ ባለ ሞተር ጀልባዎች የሚችሉት ሰውና ክብደት የተጻፈበት ሰሌዳ ከፋብሪካው ተለጥፎ እንዲወጣ ሕግ ያስገድዳል። ሰሌዳ ከሌለ ለትናንሽ ጀልባዎች የሚያገለግል ግምት አለ፦ ርዝመቱን በስፋቱ በሜትር ማባዛት፣ ውጤቱን ደግሞ በ0.7 ማባዛት። ስድስት ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጀልባ ስድስት ሰው ይወጣለታል፤ ያውም ነፋስ በሌለበት ቀን። በእንዲህ ያለ ጀልባ ስንት ሆነን እንደምንሳፈር ሐይቅ ዳር የሄደ ሁሉ ያውቃል።

ነፋሱ ለምን ከሰዓት በኋላ?

ነጂው «ነፋሱ ሳይነሳ» ማለቱ ከልምድ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ለመተካት ይገሰግሳል። ስለዚህ ማለዳ የተረጋጋው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ይናወጣል።

ዝዋይ ላይ ደግሞ ሌላ የሚጨመር አለ። ጥልቀቱ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከሁሉ የጠለቀው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው «ጥልቅ አይደለም» ሲባል ይጽናናል። መጽናናት የለበትም። አንደኛ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ለማንኛችንም ከቁመታችን በላይ ነው። ሁለተኛ፣ በማይጠልቅ ውኃ ላይ ነፋስ የሚያስነሳው ሞገድ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው፤ ጀልባው ከአንዱ ሳይወጣ ሌላው ይደርስበታል። ሞተሩ በዚያ መካከል ከጠፋ፣ ለምሳሌ እምቦጭ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ ካነቀው፣ ጀልባው አፍንጫውን ከሞገዱ መልሶ ጎኑን ይሰጣል። ውኃ የሚሞላው ያኔ ነው።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ የዝዋይ ሐይቅ ዳር ከተማ የሆነችው ባቱ ለመድረስ ሌላ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ሌሊት ተነስቶ ቀን ተሳፍሮ ማታ መመለስ ለሚፈልግ ማኅበር ሰዓቱ የሚጥለው በትክክል ነፋሱ ላይ ነው። ሐይቁን አደገኛ ያደረገው የጉዞ ፕሮግራማችን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጃኬቱን በእጃችሁ ያዙት

ያን ዕለት ከከረጢቱ ከወጡት 19 ጃኬቶች አንዱን አንስቼ አይቼዋለሁ። ብርቱካናማ ነበር፤ ፀሐይ አንጥቶት ወደ ቢጫ ሄዷል። ከሦስቱ ማሰሪያዎች የአንዱ መቆለፊያ ተሰብሮ በሲባጎ ተተክቷል። ስጨምቀው ውስጡ ያለው ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ተንኮሻኮሸ። ያኔ «ጃኬት ነው» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ቢሆን አልለብሰውም፣ ማንንም አላስለብስም።

የሰው አካል ውኃ ውስጥ እጅግ ቀላል ነው። አንድን አዋቂ ራሱን ከውኃ በላይ አድርጎ ለማቆየት ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ የሚሆን ማንሳፈፊያ ይበቃል። ጃኬቶች ላይ 50፣ 100 ወይም 150 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ መለኪያው ኒውተን ነው፤ በአሥር ስታካፍሉት በግምት ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ ይነግራችኋል። 50 የተጻፈበት ዋና ለሚችልና ለዳር ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። ዋና ለማይችል ተጓዥ 100 እና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ ይህኛው ራሱን የሳተን ሰው እንኳ ፊቱን ወደ ላይ ለመመለስ ታስቦ የተሠራ ነው።

ልክ መሆኑን ለማወቅ ለብሳችሁ፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቃችሁ፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ እንዲስበው አድርጉ። አገጫችሁን ካለፈ ሰፍቷችኋል፤ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። የሕፃን ጃኬት ለብቻው ነው፤ በአዋቂ ጃኬት የታሰረ ልጅ በአንገቱ ቀዳዳ ወደ ታች ያመልጣል። የልጆች ጃኬት በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል።

ስለ ጋቢና ነጠላ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጋቢ ሲርስ ይከብድና ያሰምጣል የሚለው እምነት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የራሰ ጋቢ ውኃው ውስጥ እያለ ያን ያህል አይከብድም፤ ክብደቱ የሚሰማው ከውኃ ሲወጣ ነው። የሚገድለው መጠምጠሙ ነው። ክንድና እግር ያስራል፣ ፊት ላይ ይጣበቃል። ጃኬቱን ከላዩ ላይ ለብሶ ጋቢን ከሥር ማድረግም ያው እስራት ነው። ጋቢው ታጥፎ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ፤ ብርድ ካለ ሹራብ ይለበስ፣ ከሹራቡ ላይ ጃኬት።

ጃኬት መያዝና ጃኬት መልበስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2023 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ በመዝናኛ ጀልባዎች አደጋ 564 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው ከአራቱ ሦስቱ የሰመጡ ናቸው፤ ከሰመጡት መካከል 87 በመቶ ያህሉ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ጃኬት ጀልባው ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ጀልባ ሲገለበጥ ደግሞ መቀመጫው ሥር ያለ ጃኬት ውኃው ሥር ነው።

ጠባቂው የሚያየው

በደንብ የተደራጀ የሐይቅ ላይ ጥበቃ ባለበት አገር ጠባቂው ጀልባውን ሲያስቆም የሚፈትሻቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት፣ እሳት ማጥፊያ፣ ድምፅ ማሰሚያ፣ ውኃ መቅጃ፣ መቅዘፊያ፣ የጀልባው ምዝገባ፣ የነጂው የብቃት ማረጋገጫ። በምሽት መብራት። ከጀልባው ፊት በስተግራ ቀይ፣ በስተቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ መብራት ይበራል። ማታ ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ካያችሁ ያ ጀልባ በቀጥታ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ከነጂው እጅ ወይም ወገብ ጋር የምትታሰር የሞተር ማጥፊያ ገመድም አለች፤ ነጂው ከወደቀ ሞተሩ በራሱ ይጠፋል። ይህ ከሌለ ባዶ ጀልባ እየዞረ ውኃ ውስጥ ያሉትን በሞተሩ ምላጭ ሊቆርጥ ይችላል።

መጠጥም ይመረመራል። በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች ለመኪና ነጂ የተቀመጠው በደም ውስጥ ያለ የአልኮል መጠን የ0.08 በመቶ ወሰን ለጀልባ ነጂም ይሠራል። ፀሐይ፣ ነፋስና የሞተር ንዝረት በራሳቸው ስለሚያደክሙ መጠጥ ውኃ ላይ ከየብስ ይልቅ ቶሎ ያሸንፋል። በሐይቅ ዳር ሆቴሎች ለሚዝናኑ ወጣቶች ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ትምህርት ነው፤ ከቅጣቱ የበለጠ ዋጋ የምሰጠውም ለእሱ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2023 መዝገብ ነጂው መማር አለመማሩ ከታወቀባቸው ሞቶች ውስጥ 75 በመቶ ያህሉ የደረሱት የደኅንነት ትምህርት ያልወሰደ ሰው በሚነዳቸው ጀልባዎች ላይ መሆኑን ያሳያል። ጠባቂ በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ብቻ ይቆማል፤ የተማረ ነጂ ግን ጠባቂ በሌለበት ንጋትም «ዛሬ አልነሳም» ይላል።

በእኛ አገር ሕጉ ባዶ አይደለም። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ወጥቷል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው በቸልተኝነት የገደለ፣ ወይም በግልጽ የተቀመጠን ደንብ እያወቀ በመጣሱ ሰው የሞተበት፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል። ከመጠን በላይ የጫነ ነጂ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ብሎ የሚያልፍበት በር ጠባብ ነው። የሚያሳዝነው ይህ አንቀጽ የሚነበበው ሬሳ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው። መሳፈሪያው ላይ የቆመው ወጣት ያን ዕለት ያደረገው ይኸው አንቀጽ እንዳይነበብ ማድረግ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሰደብነው።

አውቶቡሱ ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት

ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስከሬናቸው በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እንደሚገኝ የከተማችን ሰው ያውቃል። ዝዋይ ላይ ያለችው ደብረ ጽዮንም ብዙዎቻችን የምንናፍቃት ናት። ስለዚህ የደጋ ሰው ወደ ሐይቅ መውረዱ አይቀርም። የደኅንነት ትምህርቱ ግን ሐይቁ ዳር እስኪደረስ መጠበቅ የለበትም። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ ላይ የማይበቃ ጊዜ የለም።

አውቶቡሱ ውስጥ መባል ያለበት ብዙ አይደለም። ጀልባው ላይ ማንም አይቆምም። ጀልባው ቢገለበጥ ማንም ወደ ዳር ለመዋኘት አይነሳ፤ ውኃ ላይ ርቀት አጭር መስሎ ይታያል። የእንጨትም የፋይበርም ጀልባ ብዙውን ጊዜ ተገልብጦም ይንሳፈፋል፤ እሱን ይዞ መቆየት ነው። ልጆች መካከል ላይ ሆነው አዋቂዎች ይክበቧቸው።

ሌላው ዳር ላይ ላለ ሰው ነው። የሚሰምጥ ሰው ያየ ዘሎ አይግባ። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፣ አዳኙንም ይዞት ይወርዳል፤ ወንድም ወንድሙን ለማዳን ገብቶ ሁለቱም የሚቀሩት ለዚህ ነው። ዱላ ወይም የተጠመዘዘ ጋቢ ዘርጉለት፤ ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ። ለዚህ ከቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተሻለ ነገር በየቤታችን የለም። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ወደ 19 ኪሎ ያህል ያነሳል፤ አራት ሰው ቢይዘው እንኳ ራሳቸውን ከውኃ በላይ ያቆይላቸዋል። መያዣው ላይ ገመድ እሠሩበት፤ እንዲወረወርና ነፋስ እንዳይወስደው ጥቂት ውኃ ጨምሩበት።

ከውኃ የወጣውን ሰው በእግሩ አንጠልጥሎ ማራገፍ፣ ሆዱን መጫን፣ ይህን ተዉት። ጊዜ ያባክናል፤ ከሆዱ የሚወጣውም ወደ ሳንባው ይመለሳል። የማይተነፍስ ከሆነ የጎደለው አየር ነው። አንገቱን ቀና አድርጋችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፤ ከዚያ ደረቱ መካከል 30 ጊዜ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ። ከነቃም ሐኪም ይየው፤ ሳንባ ውስጥ የቀረ ውኃ ከሰዓታት በኋላ ሊያስቸግር ይችላል።

ማኅበራችን በሚቀጥለው ዓመት ጉዞውን አንድ ቀን ቀድሞ ጀመረ። ማታ ደርሰን ከተማው ውስጥ አደርን፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ነበርን። ሙሴያችን ጉዞው ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ለጃኬት መግዣ መዋጮ ሰብስበው፣ እጥፋታቸው ያልተፈታ 20 ጃኬቶችና ገመድ የታሰረባቸው ሦስት ጀሪካኖች ከአውቶቡሱ አወረዱ። በሁለት ዙር ነበር የምንሻገረው። ባለፈው ዛፍ ሥር ያለቀሱት እናት በመጀመሪያው ዙር ገቡ። ጋቢያቸውን አጥፈው ሰጡኝ፤ ጃኬቱን አለበስኳቸው፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ፣ ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት። ከአገጫቸው አላለፈም። መሳፈሪያው ላይ ሌላ ፖሊስ ቆሞ ነበር፤ «ስንት ናችሁ?» ሲል ሙሴያችን ቀድመው «20 ሰው፣ 20 ጃኬት፤ ቁጠረን ልጄ» አሉት። እሱም በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን።